የእትዬ ጎማ ጥያቄ

«ጎማህ ወርዷል?»

«ኧረ እትዬ! ተበይዷል አልኩዎት እኮ!»

ሬዲዮው ውስጥ ሳቅ...

ይሄ ንግግር በዚያች ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ በየቀኑ ይደገም ነበር።

ሜዳዋ እንደ ትልልቆቹ የመቆጣጠሪያ ማማ የላትም። ያላት አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሬዲዮና መስኮቱ ሥር የሚቀመጡ አንዲት ሴትዮ ነው።

ሥራቸው በመስኮት እያዩ ማኮብኮቢያው ላይ ውሻ ወይም ፍየል አለመኖሩን፣ ነፋሱም ከየት እንደሚነፍስ ለፓይለቱ መንገር ነው።

ፍየል ካለ ጃንጥላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ፍየሎቹ ደግሞ ለምደዋቸው... ጃንጥላውን ካላዩ ንቅንቅ የለም!

የነፋስ መጠቆሚያው ጨርቅ ሲቀደድም ከቀሚሳቸው በተረፈ አበባ ጨርቅ ይጥፉታል። ፓይለቶቹ ያንን አበባ ከላይ ሲያዩ «ቤት ደረስን» ይሉ ነበር።

ወይ ጊዜ...

ታዲያ ሴትዮዋ ሁሌም መጨረሻ ላይ ያቺን ጥያቄ ይጨምራሉ። «ጎማህ ወርዷል?»

ስማቸውም በዚያው ቀረ። እትዬ ጎማ።

አሁን «ታዲያ ምኑ ያስቃል?» ልትሉኝ ነው። ቆዩ እንጂ!

አንዳንድ አውሮፕላን ከተነሳ በኋላ ጎማውን ወደ ሆዱ ያጥፋል። ሊያርፍ ሲል ፓይለቱ በእጀታ ያወርደዋል።

የእኛ ተጫዋች ፓይለት የሚያበርራት አሮጌ አውሮፕላን ግን ጎማዋ ቋሚ ነው። መታጠፍ ብሎ ነገር አታውቅም።

እትዬ ጎማ ይሄን አጥተውት አይደለም። አሳምረው ያውቃሉ። ግን ይጠይቁታል።

እሱም «ተበይዷል እትዬ!» ይላል። ይስቃል። ያርፋል።

ሌሎቹ ፓይለቶች «ሴትዮዋ ተማሪ አደረጉን እኮ» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። እሳቸው ወይ ፍንክች!

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ነጎዱ... እትዬ ጎማም ጡረታቸው ደረሰ።

እና ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ሲቀበሉ የኖሩት ሴትዮ አንድም ቀን አውሮፕላን ላይ ወጥተው አያውቁም!

«እንዲህማ አይሸኙም» አለ ፓይለቱ። «ዛሬ ሜዳዎን ከላይ ያዩታል።»

በዚያው ሰሞን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ አዲስ አውሮፕላን ሰጥቶት ነበር። የምታብረቀርቅ፣ ፈጣን... ጎማዋም የሚታጠፍ።

እትዬ ጎማን ከጎኑ አስቀመጠ። ከኋላ ነፍሰ ጡር ሚስቱ ተቀመጠች።

ተነሱ። ጎማው ታጠፈ።

እትዬ ጎማ ቁልቁል ሲያዩ የገዛ ክፍላቸውን አገኟት።

«ይቺ ናት እንዴ? ይቺን በምታህል ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት?»

እንባቸው መጣ፣ ግን እየሳቁ ነው። ሁሉም ሳቀ። የድሮው ወሬ ተነሳና ጨዋታው ደራ።

ፓይለቱ ሊያርፍ ዞረ።

ሬዲዮው ላይ አዲሱ ተተኪ ነው። «ማኮብኮቢያው ነፃ ነው። ነፋስ የለም። ማረፍ ትችላለህ።»

በቃ። ምን ያድርግ፣ ያቺ ጥያቄ እንደሆነች ደንብ ላይ የለችም።

አውሮፕላኗ ግን ቲጥ... ቲጥ... ማለት ጀመረች።

«አዲስ ዕቃ ሲባል መጮህ ይወዳል!» አለ ፓይለቱ፤ ጨዋታውንም ቀጠለ።

መሬቱ ቀረበ... ሣሩ አንድ በአንድ ይታያል...

እትዬ ጎማ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ እንዳለ፣ እንዲያው ከልማድ...

«ጎማህ ወርዷል?»

እሱም ከልማድ፣ እየሳቀ...

«ተበይዷል እትዬ!»

...

ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

ይቺኛዋ አልተበየደችም!! ያ ቲጥ ቲጥ ለካ «ጎማዬ አልወረደም» ማለቷ ነበር!

ሞተሩን ሙሉ ኃይል ሰጥቶ አፍንጫዋን ቀና አደረገ። ሆዷ መሬቱን ከመምታት ለጥቂት ተረፈ። ከኋላ ሚስቱ «ምንድነው? ምን ሆነ?» ትላለች።

ዞሮ መጣ። እጀታውን አወረደ። ጎማው መውረዱን የሚያሳዩት አረንጓዴ መብራቶች በሩ።

«ወርዷል እትዬ... ወርዷል» አለ።

አረፉ።

ሞተሩን አጥፍቶ ወደ እሳቸው ዞር አለ።

«እትዬ... ያን ሁሉ ዓመት የኔ ጎማ እንደማይታጠፍ እያወቁ ለምን ይጠይቁኝ ነበር?»

«ልጄ፣ ጎማው የሚታጠፈውን ብቻ ነጥዬ ብጠይቀው "ናቀችኝ" ብሎ ያኮርፋል። ያኮረፈ ሰው ደግሞ አይሰማም። ሁሉንም ስጠይቅ ግን ማንም አያፍርም። አንተን የምጠይቅህ ለእነሱ ስል ነበር።»

ጃንጥላቸውን አነሱና...

«ዛሬ ግን ለአንተ ሆነች።»

.

ያ ፓይለት አባቴ ነው።

ከኋላ የተቀመጠችው እናቴ ናት። ሆዷ ውስጥ የነበርኩት ደግሞ እኔ፣ ይሄን የምጽፍላችሁ አድሚን ነኝ።

ዛሬ ሜዳዋን ሣር ውጧታል። እትዬ ጎማም በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

አባቴ ግን እሳቸውን ሆኖ ቀርቷል። ከቤት የሚወጣውን ሁሉ፣ እንግዳ ሳይቀር፣ «ቁልፍ ይዘሃል? ቀበቶ ታስራለህ አይደል?» ይላል። ድሮ እንዴት ያናድደኝ ነበር!

አንድ ቀን ታዲያ «ምድጃ አጥፍተሻል?» ሲለኝ ለቀልድ «ተበይዷል አባዬ!» አልኩት።

አልሳቀም። ወጥቶ በረንዳ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ያቺን ቃል ማንም አይላትም።

ወዳጆቼ... የሚነዘንዛችሁን ሰው አትናቁት። ነገሩን እንደምታውቁት እሱም ያውቃል። ግን የለመደ እጅ ይረሳል።

እናንተስ? «በልተሃል? ቆልፈሻል? ደርሳችኋል?» እያለ የሚነዘንዛችሁ ማን ነው? ሳትሰለቹ ከልባችሁ የመለሳችሁለትስ መቼ ነው?

ኮሜንት ላይ ንገሩኝ... ወይም ኮሜንቱ ይቅርና አሁኑኑ ደውሉለት።