የወለሉ ጥሪ

ጤና ጣቢያዎች መስማት ለተሳነው ሁሉ አዲስ ጆሮ መግጠም ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ዝናሽ ከተገጠመላት ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ባሏን ደርሰህን ግን ሐኪሞቹ «ነርቭህ አይቀበለውም» ብለው መልሰውታል።

ዝናሽ ጀርባዋን ሰጥታው ሽንኩርት ትከትፋለች። አገጯ ይንቀሳቀሳል። ምናልባት እያናገረችው ይሆናል፤ ፊቷንና እጇን ካላየ በምን ይወቅ? ድሮ የምትለው ሲኖራት ቢላዋውን አስቀምጣ ትዞርለት ነበር።

እንደ ወትሮው የጣውላውን ወለል በእግሩ ሁለቴ መታ። ሃያ ዓመት የተጠራሩት እንዲህ ነው፤ ንዝረቱ እግሯ ሥር ሲደርስ ፈገግ ብላ ትዞራለች።

አሁን ግን ቢላዋውን ጥላ ጆሮዋን ያዘች።

«ምነው፣ ቀስ በል እንጂ!» አለችው በእጇ። «ለካ እንዲህ ይጮኻል!»

ደርሰህ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።