የሴቲቱ ቅጂ

ሰቦቃ ፍርድ ቤት የሚባል ነገር አይወድም ነበር። ደጁ ላይ ቆሞ መዋል፣ ለዘበኛ ጎንበስ ማለት፣ ስም እስኪጠራ ጆሮን ማቆም፤ ይህ ሁሉ ከእርሻ የባሰ ያደክመዋል። ዘንድሮ ግን አራት ጊዜ ተመላልሷል። የልጁ የዳሲቱ ነገር ነው።

ዳሲቱ አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ የእህል መጋዘን ባቄላ ለቃሚ ነበረች። ወደ ጅቡቲ የሚጫነውን ባቄላ ሴቶቹ መሬት ተቀምጠው ከጠጠር ይለያሉ፤ አምባው የሚባለው ካቦ ደግሞ በላያቸው ቆሞ ያዛል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሌሎቹን አሰናብቶ እሷን «የአንቺ አልጠራም፣ ድገሚው» ብሎ አስቀራት። በሩንም ከውስጥ ቆለፈው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለፖሊስ አንድ ጊዜ፣ ለዐቃቤ ሕጉ አንድ ጊዜ ተናግራለች። እኛ ደግሞ ሦስተኛ አናስወራትም።

ሰውየው ለዚህ ሥራ አዲስ አልነበረም። የመጋዘኑ ባለቤት በየጣቢያው መጋዘን ስላለው አምባውን ከናዝሬት ወደ ሞጆ፣ ከሞጆ ወደ ደብረ ዘይት፣ ከዚያ ወደ አቃቂ አዛውሮታል። በየሄደበት አንዲት ልጅ ታለቅሳለች፣ በየሄደበት ይከሰሳል፣ በየሄደበት ነገሩ በሽምግልና ያልቃል፤ ወሬው ይህ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ግን በወሬ ሰው አይታሰርም ብሎ ለሰቦቃ ነግሮታል።

ሽምግልናው ሰቦቃ ቤትም መጣ። የመሩት የአምባው አጎት ባላምባራስ አሻግሬ ናቸው። ይባስ ብሎ ሰቦቃ የሚያርሰው መሬት የእሳቸው ነው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡና ነገሩን ቀለል አድርገው አስረዱት። አምባው ተሳስቷል፤ ልጅቷንስ ከእንግዲህ ማን ያገባታል? በወግ፣ በሰማንያ ያግባት። ካገባት ሕጉም ክሱን ይዘጋዋል፣ ሁሉም በሰላም ቤቱ ይገባል። ስለ መሬቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሲወጡ ብቻ በር ላይ ቆም ብለው ጤፉ ዘንድሮ እንዴት እንደያዘ ጠየቁ።

ሰቦቃ ነገሩን መዘነ። እንቢ ቢል ከአምስት ልጅ ጋር ሜዳ ላይ መውደቁ ነው። እሺ ቢል ደግሞ ልጁን በዚያ በተቆለፈ በር ውስጥ ዕድሜ ልኳን መክተቱ ነው። ዐቃቤ ሕጉን ሄዶ ጠየቀው፤ እሱም ዳሲቱ እየሰማች፣ ጋብቻው ሕጋዊ ከሆነ እጄ የታሰረ ነው አለ። አባትና ልጅ ወደ ቤት ተመለሱ። ሰቦቃ አፈረ፤ በሌላ በማንም ሳይሆን በራሱ አፈረ።

እንዴት ብሎ እንደሚነግራት ሲያወጣ ሲያወርድ እሷው ቀደመችው።

«እሺ በላቸው አባዬ። አገባዋለሁ።»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኗ ደረቅ ነው። ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

ባላምባራስ በተመለሱ ጊዜ ዳሲቱ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀች። አንደኛ፣ እንግዶቿን ራሷ እየሄደች እንድትጠራ። ሁለተኛ፣ ሰማንያው ሲፈረም ቅጂው ለእሷም እንዲሰጣት። ባላምባራስ ሳቅ አሉ።

«ወጉ አይደለም እንዴ ልጄ? እኔ ባዋዋልኩት ሰማንያ የሴቲቱ ቅጂ ከነማኅተሙ ሳይሰጣት ቀርቶ አያውቅም።»

ማኅተማቸውን ይወዱታል፤ ከጣታቸው የማይለይ የብር ቀለበት ነው። ፊርማው በክሱ ቀጠሮ ዕለት ከችሎት ሲወጡ ይሁን ተባለና ተለያዩ።

እናቷ አሰፋች ጌሾ መውቀጥ ጀመረች፤ እያለቀሰች ትወቅጣለች። ዳሲቱ ሦስት እሑድ በተከታታይ በባቡር ወደ ናዝሬት መስመር ሄደች። ባዶ እጇን ሄዳ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ሰቦቃ ጣቢያ ወርዶ ይቀበላትና ማን ማንን እንደጠራች ይጠይቃታል።

«የሚመለከታቸውን» ትለዋለች።

በዚያ መስመር ዘመድ እንደሌላቸው ያውቃል። የሥራ ጓደኞቿ ይሆናሉ ብሎ ተወው። ደግሞስ በምን አፉ ይመርምራት?

የቀጠሮው ቀን ማክሰኞ ነበር። አምባው አዲስ ኮት ለብሶ፣ ፀጉሩን ቅባት ቀብቶ ከፊት ተቀመጠ፤ ከተከሳሽነቱ ሙሽርነቱ ያመዝናል። ባላምባራስ አጠገቡ ናቸው። ኋለኛው አግዳሚ ላይ ከጠዋቱ ባቡር የወረዱ ሦስት ሴቶች በነጠላ ተሸፋፍነው ተቀምጠዋል፤ አንዷ ሕፃን አዝላለች። የዳሲቱ እንግዶች ናቸው። አምባው ወደ ኋላ ዞሮም አላየ። ሰቦቃም የሠርግ እንግዳ ፍርድ ቤት ምን ሊሠራ መጣ ብሎ የሚያስብበት ልብ አልነበረውም።

ዳኛው በመጀመሪያ አምባውን ጠየቁት። ሊያገባት ፈቃደኛ መሆኑን በደስታ ተናገረ። ዐቃቤ ሕጉ አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። ከዚያ ዳኛው ወደ ዳሲቱ ዞሩ።

«አንቺስ ልታገቢው ተስማምተሻል?»

ሰቦቃ ዓይኑን ጨፈነ። ተነሥቶ እንቢ ልበል አለና አግዳሚውን ጨብጦ ቀረ። መሬቱን፣ ጤፉን፣ ባላምባራስን፣ ከሁሉም በላይ ራሱን ረገመ።

«ተስማምቻለሁ» አለች ዳሲቱ።

ዳኛው ብዕራቸውን አነሡ። የምትጨምሪው አለ ወይ ሲሏት ወደ ኋላ ዞር ብላ አየች። ሦስቱ ሴቶች ተነሡ። እያንዳንዳቸው ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ወረቀት ፈትተው ለጸሐፊው አቀበሉ። በሦስቱም ግርጌ ያው አንድ ክብ ማኅተም አለ። ባላምባራስ አሻግሬ ቀለበታቸውን በሌላው እጃቸው ሸፈኑ።

«ክቡር ዳኛ፣ እኔ አገባዋለሁ» አለች ዳሲቱ፤ «መጀመሪያ ግን እነዚህ ሦስቱ ሚስቶቹ ይፍቱት።»