ያልታጠበው ወንበር

የእናቱን መኪና ሊሸጠው ነው፤ ቀለሙ ግን ደብዝዞ ዓይን አይስብም። ፖሊሽ የሚያደርጉት ሁሉ የሚጠሩት ዋጋ ጨርቅ የሚያስጥል ሆነበትና፣ በመከራ ያገኘው አንድ ርካሽ ባለሙያ ዘንድ ትቶት ሄደ። ከሰዓት ሲመለስ መኪናው መስታወት መስሎ ጠበቀው።

«እጅህ ይባረክ!»

«አሜን። ውስጡንም በደንብ አጥቤዋለሁ፤ የጋቢናው ወንበር ብቻ ቀረ።» ባለሙያው አንገቱን አከከ። «እናትህ አልወርድም አሉኝ። ትልቅ ሰው እንዴት ብዬ ላስነሳ?»

እናቱን ከቀበረ ዓመት አልሞላውም። ቀልድ ነው ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ ባለሙያው ግን አልሳቀም። በሩን ከፍቶ ወንበሮቹን በእጁ ዳሰሰ። ሁሉም ገና እርጥብ ናቸው። እሱ ሲነዳ እናቱ ከጎኑ ትቀመጥበት የነበረው ብቻ ደረቅ ነው። ደግሞም ይሞቃል።

ከዚያ ግቢ ቶሎ ለመውጣት ገብቶ የራሱን ቀበቶ አሰረና ሞተሩን አስነሳ። የቀበቶው ማስጠንቀቂያ ግን መጮህ ጀመረ፤ አላቆም አለ። እናቱ ቀበቶ ማሰር ሁልጊዜ ትረሳ ነበር፤ ሁልጊዜም የሚያስታውሳት እሱ ነበር። አፉ ለምዶበት፣ ሳያስበው፣

«እማዬ፣ ቀበቶ» አለ።

ከጎኑ ያለው ቀበቶ ቀስ ብሎ ተስቦ ወረደና ቀጭ አለ። ጩኸቱም ቆመ።