የባርናባስ የድምፅ ካርድ

ልጆቼ፣ እዚህ ዲላ ጎረቤቴ ሸዋአለም የሟች ባሏን የባርናባስን ድምፅ ኮምፒውተሯ ላይ ቀድታ አስቀምጣ ነበር። በሙት ዓመቱ ልታሰማን ስትዘጋጅ፣ አዲስ ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተሯ በዋዜማው ዝም አለ። ጠጋኙ ዚያድ ሲታገለው ዋለ።

«እትዬ፣ እኔም እንደ ኮምፒውተሩ ልዘጋ ነው» አለ ደክሞት። «የድምፅ ካርዱ ውስጥ ያለው የራሱ ፕሮግራም አርጅቷል። አዲሱ ዊንዶውስ አላውቀውም ብሎ ካርዱን የሚያሠራውን ድራይቨር አልቀበል አለ። ሌላ ካርድ ከሀዋሳ ይምጣ።»

«ነገ እኮ ነው ልጄ! ሰው ጠርቻለሁ፤ ምን ላሰማቸው?» አለች ሸዋአለም።

ዚያድ ካርዱን ነቅሎ መዳፌ ላይ አኖረው። እኔም ቀኑ ረዝሞብኝ ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ።

ካርዱ እጄ ላይ ነዘረ። ባርናባስም በሕይወት ሳለ በማውቀው በዚያው ለስላሳ ድምፁ፣ «ሸዌ፣ ልጁን አታድክሚው። ነገ እኔው ራሴ እመጣለሁ» አለ።