የካፒቴኑ ዘበኛ

የውሃ ፓምፕ ፋብሪካው ባለቤት በጦርነቱ ጊዜ አብራሪ ነበሩ። አውሮፕላናቸው ተመትቶ ወገባቸው ከተሰበረ በኋላ ሆስፒታል ተኝተው መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመሩ። ሲነሱ ምህንድስና ተማሩ፤ ቀጥለው ፋብሪካ ከፈቱ። ሠራተኛው ግን ዛሬም «ካፒቴን» ነው የሚላቸው።

አሁን ሕመም አልጋ ላይ ስላዋላቸው ሥራውን ልጃቸው ተረክባለች። እሷን ከጠየቃችኋት የፋብሪካው በሽታ አንድ ነው፤ እሱም ዘበኛው።

ሽማግሌው ወንበሩን በሩ ላይ አስደግፎ ያንቀላፋል። «አባባ እንቅልፌ» ይሉታል። የጭነት መኪና ጡሩምባ አይቀሰቅሰውም። አውሮፕላን ሲያልፍ ግን ብድግ ይልና እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ ከዓይኑ እስኪሰወር ይከተለዋል። ጦርነቱ ካበቃ ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ካፒቴኑን ፈልጎ መጣ። ቢሮ ዘግተው ሲያወሩ ዋሉ። ሲወጡ የካፒቴኑ ዓይን ቀልቶ ነበር፤ ሰውየውም ተቀጥሮ ነበር። ምን እንደተባባሉ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ሳምንት እሱ ሲያንኮራፋ ሁለት የፓምፕ ሞተር ከግቢው ተሰረቀ። ልጅቱ ልታሰናብተው ቆርጣ ለአባቷ ነገረቻቸው።

«አይነካም» አሉ ካፒቴኑ።

ለምን ብትላቸው መልሱ አጭር ነበር።

«እሱ ባይኖር ይህ ፋብሪካ አይኖርም ነበር።»

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ነገሩ ያን ጊዜ በራላት። አባቷ ከተመታው አውሮፕላን በጃንጥላ ሲዘሉ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው እንደነበርና፣ ሰው ደርሶ ባያወርዳቸው አብቅቶላቸው እንደነበር ከልጅነቷ ጀምራ ሰምታለች። ማን እንዳወረዳቸው ግን ነግረዋት አያውቁም። ባለውለታን በሌባ ምክንያት ልታባርር! አፈረች።

በማግስቱ ወንበር ስባ ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች። የሞተሮቹን ነገር አላነሳችም።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለችው። «አባቴን ያወረዱት እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም ነበር።»

ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ነገሩሽ እንዴ?»

«እሳቸውማ ምን ይናገራሉ። ራሴ ደረስኩበት። እርስዎ ባይደርሱላቸው እዚያ ዛፍ ላይ ቀርተው ነበር።»

«ዛፍ?» አለ ግር ብሎት። ትንሽ አሰበ።

«ከዛፉስ የእናንተ ወታደሮች ናቸው ያወረዷቸው፤ እኔ ያወረድኳቸው ከሰማይ ነው።»