የዎርሊ ሐይቅ ጠላት

አዮዋ ግዛት ውስጥ የዎርሊ ካውንቲ መናፈሻ ሐይቅ ግድብ ተሰነጠቀ። የማሠሪያው ገንዘብ የሚገኘው ቦንድ ተሸጦ ነው፤ ዕዳው ደግሞ የሕዝብ ግብር ሳይነካ ከመናፈሻው ገቢ ብቻ ይከፈላል። ቦንዱን የሚገዛው ባንክም እቅጩን ተናገረ፦ በዚህ በጋ መናፈሻው ዕዳውን የሚሸከም ገቢ ካላሳየ ቦንድ የለም። ቦንድ ከሌለ ሐይቁን ማድረቅ ነው።

ኃላፊዋ ማርሊን ቮስ በነፃ ይገባበት የነበረውን በር በክፍያ አደረገችው። አገሬው አኮረፈ። ዓሣ አጥማጁም ድንኳን ተካዩም መምጣቱን ተወ።

በሰኔ ደግሞ የባሰ መጣባት። ቨርነን ስተኪ የሚባል፣ ከጎረቤት ግዛት ከሚዙሪ የመጣ ሰው ከበሩ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር ወንበሩን ዘርግቶ «ተመለሱ!» የሚል ሰሌዳ ተከለ። አፉ ከሰሌዳው ይብስ ነበር።

«እናንተ የአዮዋ በጎች! ለገዛ ኩሬያችሁ ትከፍላላችሁ?»

«አንተ አፈ ቆሻሻ!» ትለዋለች ማርሊን በሩ ላይ ወጥታ። «ሐይቁ ቢደርቅ ምን ትጠቀማለህ?»

«አንቺን ሥራ ፈት ሆነሽ አይሻለኋ!»

ሸሪፉ መጥቶ መንገዱ የሕዝብ ነው፣ መናገርም መብቱ ነው ብሎ ተመለሰ። ቲኬት ቆራጯ ዶሪን እርር አለች።

«ከነወንበሩ ውሃ ውስጥ ልወርውረው?»

«እንዳትነኪው!» አለቻት ማርሊን። ክስ የፈራች ትመስል ነበር።

ሰውዬው ቲኬት ቤቱ እስኪዘጋ ይሳደባል፤ ሲዘጋ ወንበሩን አጥፎ ይሄዳል። አንድ ቅዳሜ አኩርፎ የከረመው አሳማ አርቢ፣ ላይል ሃምሪክ፣ ፒክአፑን አቆመበት።

«ምን አልክ አንተ?»

«ተመለስ ነዋ! የአሳማህ ሽታ ካንተ ቀድሞ ደርሷል።»

«የሚዙሪ መጤ ነው በገዛ ሐይቄ አትገባም የሚለኝ?»

ላይል በንዴት ከፍሎ ገባ። በማግስቱ ወንድሞቹን ከነቤተሰባቸው አስከትሎ መጣ። ወሬው ሲዳረስ ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ወጣ፤ የሚገባው ሁሉ ለቨርነን የሚሆን ስድብ አዘጋጅቶ ነበር። እንቁላል የወረወሩበትም አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እሰይ የሚያሰኝ ነበር።

በነሐሴ ማብቂያ ባንኩ ሒሳቡን አይቶ ፈረመ። ቨርነን ሰሌዳውን ነቅሎ ሲሄድ ከተማው በመኪና ጡሩምባ ሸኘው። አንድም ሰው አላዘነለትም።

በሳምንቱ የጎረቤት ካውንቲ መናፈሻ ኃላፊ ለማርሊን ደወለች። እሷም ቦንድ ልትሸጥ ነው፤ የእሷም በር ጭር ብሏል።

«የቨርነንን አበል በየቀኑ እጁ ላይ ስጪው» አለቻት ማርሊን፤ «ደግሞ አደራ፣ ሰው ፊት እንዳታዝኚለት።»