ካሜራውን ክፈቺ

"ካሜራውን ክፈቺ።"

"ናናይ፣ ዛሬ ኔትወርኩ አስቸግሯል… በድምፅ ብቻ እናውራ።"

"ጀመረሽ ደግሞ። ፊትሽን ካላሳየሽኝ ስልኩን እዘጋዋለሁ።"

ናናይ የምላት እናቴን ነው። እሷ በትውልድ ከተማችን ኢሎኢሎ… እኔ ባሕር ማዶ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ፣ ከሰው ይልቅ ከብት የሚበዛበት ከተማ።

እስከ ዛሬ በዚህ ገጽ የምጽፍላችሁ የሰው ታሪክ ነበር። የዛሬው የራሴ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እናቴን በአካል ካየኋት አራት ዓመት አልፎኛል።

ያን እሑድ ፊቴን መደበቄ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት የአንዲት ላም ዓይን ሳክም ጭንቅላቷን ወርውራ መታችኝ። ግራ ዓይኔ አብጦ ተደፍኗል። ቅንድቤ ስድስት ቦታ ተሰፍቷል።

ይሄን ካየች "በቃ፣ ነገውኑ ነይ" ነው የምትለኝ።

እኔ ደግሞ በዚያው ቀን የምነግራት ሌላ ነገር ነበረኝ… ለገና አልመጣም ልላት ነው። ለአምስተኛ ጊዜ።

የክሊኒካችን ኃላፊ ጡረታ ሊወጣ ነው። ቦታው ለእኔ ታስቧል። የገናን ሰሞን እዚህ ካልሠራሁ ግን ለሌላ ሰው ይሄዳል።

ከጠዋት ጀምሮ እግሬ አላርፍ ብሏል።

ወጥ ቤት… በረንዳ… ተመልሼ ወጥ ቤት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዚያን ቀን ብቻ አይደለም። እዚህ ስሆን ልቤ እዚያ ነው። እዚያ ስሄድ ደግሞ ሳምንት ሳይሞላኝ ሥራዬ ይናፍቀኛል። የት ሆኜ እንደማርፍ እኔም አላውቅም።

ብቻ ጸጉሬን ግራ ዓይኔ ላይ ደፋሁት። ስልኩን ከውሃ ማፍያው ጋር አስደገፍኩት። ቀኝ ጎኔን ወደ ስልኩ አዙሬ ተቀመጥኩና ካሜራውን ከፈትኩ።

ታላቅ እህቴ ኔና እንደ ሁልጊዜው ከናናይ ኋላ ቆማለች።

"ውይ፣ አረንጓዴዋን ሸሚዝ ለበስሽ!" አለች ኔና።

"አረንጓዴ ድሮም ያምርብሻል" አለች ናናይ። "በላሽ?"

"በልቻለሁ።"

"ምን?"

"ሩዝ በዓሣ።"

"ውሸታም። ዳቦ ነው የበላሽው። ድምፅሽ ራሱ ዳቦ ዳቦ ይላል።"

ተሳሳቅን። ከሳቋ ሳትወጣ ልንገራት ብዬ ቸኮልኩ።

"ናናይ… የገናው ነገር…"

ስልኩ ተንሸራቶ ወደቀ።

ላነሳው ጎንበስ ስል ጸጉሬ ተበተነ። ያበጠው ፊቴ ከነስፌቱ ስክሪኑን ሞላው።

ኔና አፏን በእጇ ያዘች።

ናናይ አሁን ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ…

ናናይ ግን በቀጥታ ወደ እኔ እያየች ፈገግ አለች።

"ፊትሽ ጥርት ብሏል ዛሬ። እሰይ። ደህና ብትሆኚ ነው።"

መጀመሪያ የምታሾፍብኝ መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ስልኩን ወደ ቦታው መልሼ ድምፅ ሳላሰማ ተነሣሁና ከካሜራው ወጥቼ ግድግዳው ጋ ቆምኩ። ባዶ ወንበር ብቻ ነው የሚታያት።

ናናይ ለባዶው ወንበር ፈገግ እያለች ወሬዋን ቀጠለች።

"…ታዲያ የጎረቤታችን አሳማ አጥሩን ጥሶ ጎመኔን ጨረሰልኝ እልሻለሁ። እየሰማሽኝ ነው?"

ኔና ከኋላዋ እያለቀሰች ራሷን ትነቀንቃለች። እንዳትናገሪ ማለቷ ነው።

አልቻልኩም።

"ናናይ… ዓይንሽ ምን ሆነ?"

 ፈገግታው አሁንም ፊቷ ላይ እንዳለ ነው።

"ኔና ነገረችሽ?"

"ማንም አልነገረኝም።"

"ስኳሩ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ዓመት ሊሆነው ነው። መጀመሪያ ጭጋግ ነበር… ከፋሲካ ወዲህ ግን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምለየው።"

ለካ ኔና በየሳምንቱ የልብሴን ቀለም ቀድማ የምትናገረው ለዚህ ነው… ለካ ናናይ "ካሜራውን ክፈቺ" ብላ የምትሟገተኝ እንዳልጠረጥር ነው።

"ሐኪሙስ ምን አለ?"

"ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አለ።"

"ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?"

"ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሻ።"

ሐሙስ ዕለት የሰው ላም ዓይኗ እንዳይጠፋ ብዬ ፊቴን አስመትቻለሁ። የእናቴ ዓይን ሲጠፋ ግን በየሳምንቱ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እስቅ ነበር። በራሴ አፈርኩ።

ኔና መታገሥ አቃታት።

"ናናይ፣ እሷም እኮ ፊቷ ተሰፍቷል።"

የናናይ ፈገግታ አሁን ጠፋ።

"ማነው የመታሽ?"

"ላም።"

"ላም?"

"አዎ፣ ላም።"

"እና ልትደብቂኝ ነበር?"

"የማን ልጅ ሆኜ ናናይ…"

ሦስታችንም ሳቅን። ወዲያው ደግሞ ሦስታችንም አለቀስን።

ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና "ቅድም ስለ ገና ምን ልትዪ ነበር?" አለችኝ።

ስልኩን ወደ ፊቴ አስጠጋሁት።

"ቲኬት ቆርጫለሁ… ልልሽ ነበር።"

ውሸት ነበር።

ስልኩን እንደዘጋሁ ግን እውነት አደረግኩት። ለክሊኒኩም ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡት ብዬ ጻፍኩ።

ቆጭቶኛል? አዎ፣ ቆጭቶኛል። አልዋሻችሁም፣ ዛሬም እግሬ አላረፈም።

ወዳጆቼ… እናቴም እኔም የተዋሸነው ተሳስበን ነው። እኔ እንዳልጨነቅ፣ እሷ እንዳትጨነቅ። ነገር ግን በዚህ መተሳሰብ መሃል የእናቴ ዓይን መዳን ሲችል ጠፋ። የምንወደውን ሰው ከጭንቀት እናድናለን ብለን የምንዘጋበት በር፣ እሱ ሊረዳን የሚገባበትም በር ነው።

እናንተስ… ባለፈው ለቤተሰብ ደውላችሁ "ደህና ነኝ" ስትሉ፣ ሳትናገሩት የቀራችሁት ነገር ምን ነበር?